ጅማ ላይ የጀመርነውን የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ዝግጅት ዓመታዊ ልናደርገው ነው፤ ቀኑ መቼ ይሁን?

ባለ ሰሌን ባርኔጣው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ፣ ቦንጋና ሚዛን ላላችሁ የአኒሜ ልጆች።

ባለፈው ዓመት ጅማ ውስጥ ትንሽ ዝግጅት አድርገን ነበር። ስም እንኳ አላወጣንለትም። አምስት ሆነን ነው የጀመርነው፤ ሁለታችን የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ልጆች ነን፣ ሦስቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አዳራሽ ተከራይተን፣ ለሚስሉ ልጆች ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ኮስፕሌይ (የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ) የሚለብስ ለብሶ፣ ጥያቄና መልስ ተወዳድረን፣ ቡና ጠጥተን መለያየት። አርባ ሰው ከመጣ ጉድ ነው ብለን ወንበሩንም በአርባ ነበር ያዘጋጀነው። ዘጠና ምናምን መጣ! ከአጋሮ ብቻ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ልጅ ወረደ። ወንበር ሲያልቅብን ከጎረቤት ሱቅ የለስላሳ ሳጥን ለምነን፣ ገልብጠን ተቀመጥንበት።

ደስ ይል ነበር። ችግሩም ግን ብዙ ነበር።

አንደኛው ዝናብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሳይበተኑ እንድረስ ብለን ሰኔ ላይ አደረግነው። የጅማን ሰኔ ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ የአቅራቢውን ድምፅ ዋጠው፤ ልጁ ጥያቄውን በእጁ ምልክት መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ መብራት ሄደ። የአዳራሹ ሰውዬ ጄኔሬተር አለኝ ብሎን ነበር። አለው። ነዳጅ ነው የሌለው።

ሁለተኛው የሰይፍ ጉዳይ ነው። አንድ ጀለሳችን ዋን ፒስ በሚባለው አኒሜ ውስጥ ያለውን ባለ ሦስት ሰይፉን ሰውዬ፣ ዞሮን ሆኖ ከጅማ መርካቶ እስከ አዳራሹ በእግሩ መጣ። ሰይፉ እንጨት ነው፤ ግን የብር ቀለም ስለተቀባ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ሁለት የጸጥታ ሰዎች አስቆሙት። "ሁለቱስ እሺ፣ ሦስተኛውን በምንህ ልትይዘው ነው?" አሉት። "በጥርሴ" አላቸው። እኛ ሄደን እስክናስረዳ ድረስ አንድ ሰዓት እዚያው ቆመ፤ ከኋላው ደግሞ የሰፈር ሕፃን በሙሉ ተሰልፎ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። መግቢያ አላስከፈልንም። የአዳራሹን ኪራይ አምስታችን ነን ያዋጣነው፤ እኔ እስከ መስከረም ድረስ ዕዳ ስከፍል ነበር።

አሁን ዓመታዊ እናድርገው ብለናል። የጅማ ብቻ ሳይሆን የዚህ አካባቢ ከተሞች ሁሉ የሚመጡበት። አንድ ጊዜ ማድረግማ አድርገነዋል፤ ያስጨነቀን ሁለተኛው ነው። ቀኑን መቼ እናድርገው? መግቢያ እናስከፍል? ሰይፉንስ ምን እናድርገው? ልምድ ያላችሁ ተናገሩ፤ የሌላችሁም ተናገሩ።

ጊቤን ተሻጋሪ

ጅማ ተምሬ አሁን አዲስ አበባ ነኝ፤ ባለፈው የአንድ ጓደኛዬን ፎቶ አይቼ ነው እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቅሁት፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ጨርሱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቶኪዮ ላይ ኮሚኬት የሚባለው ትልቁ የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) እና የአድናቂዎች ገበያ እንዴት እንደጀመረ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ላይ፣ 32 የአድናቂ ቡድኖች የራሳቸውን መጽሔት ይዘው መጡ፤ ጠቅላላው ሰው 700 ገደማ ቢሆን ነው። ከኮቪድ በፊት በ2019 መጨረሻ የተደረገው ግን በአራት ቀን ከ700 ሺህ በላይ ሰው አስተናግዷል። በዓመት ሁለቴ ነው የሚደረገው፣ ነሐሴ አካባቢ እና የፈረንጆች ዓመት ሲያልቅ። ሁለቱም ጃፓኖች ከሥራ የሚያርፉበት ጊዜ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው አኒሜ ኤክስፖም በአሜሪካ የነጻነት በዓል በጁላይ 4 አካባቢ ነው የሚውለው። ሰው ቀኑን በማስታወቂያ አይደለም የሚያውቀው፣ በዓሉ ሲደርስ ራሱ ይዘጋጃል።

ስለዚህ እኔ የምለው ጥር ይሁን፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ። ዝናብ የለም። መንገዱ ደረቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔም ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት እደርሳለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ካላንደር ግን ተከትላችሁ አትሂዱ፤ እሱ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ እናንተም ከሱ ጋር ስትቀያየሩ በሦስተኛው ዓመት ማንም አያስታውሳችሁም።

ሐዋ ከጂረን

ጊቤን ተሻጋሪ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን ጥር አይሆንም። የምን ከተማ ላይ እንደምትጽፍ ረሳኸው እንዴ ወንድሜ?

ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ነው የሚመጣው። አሁን የካቲት አካባቢ ነው የሚውለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ታኅሣሥን ይይዛል። ጥር ብላችሁ ከቆረጣችሁ ገና ሥር ሳይሰድ ጾም ላይ ይወድቃል። ያኔ ግማሹ ሰው ደክሞት አይመጣም፤ የመጣውም ቡናችሁን አይጠጣም። ወይ ቀኑን ትቀይራላችሁ፣ እሱ ደግሞ አንተው ራስህ አይሆንም ያልከው ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ኅዳር ይሻላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ። ረመዳን እዚያ ለመድረስ ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል። የክርስቲያኖቹም የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ሚካኤል 12 ነው፣ ከሁለቱም በፊት ነው የሚሆነው። ዝናቡም ያን ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ባለፈው ጊዜ የሚሰገድበት ጥግ አልነበረም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከመድረኩ ኋላ፣ የድምፅ ማጉያ ሽቦ መሀል ነው የሰገድነው። ትንሽ ክፍል ብትኖር ጥሩ ነው። ምንጣፉን እኔ አመጣለሁ።

የአጋሮ ልጅ

ከሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ነኝ 😂 የሳጥኑ ምልክት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሐዋ፣ የቆጠርሽው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር አልቆጠርሽም። ቡናውን! ኅዳር እኛ ጋ ለቀማ ነው። አጋሮ፣ ጌራ፣ ጎማ፣ ሊሙ ያለ ልጅ በሙሉ ቅርጫት ይዞ ጫካ ነው። እናቴን "የአኒሜ ዝግጅት አለብኝ" ብላት ቅርጫቱን ነው በራሴ ላይ የምታደርገው፣ እንደ ባርኔጣ።

ግን ሳስበው ሌላም ጎን አለው። የኛ ሰው ኪስ ውስጥ ብር የሚገባውም ያኔ ነው። ሰኔ ላይ የሚኒባሱን ሒሳብ ለማዋጣት ስንት ተለማምነን ነበር። ኅዳር ላይ የራሴን የለቀማ ብር ይዤ እመጣለሁ። እንግዲያው እንዲህ ብታደርጉትስ፣ ሙሉ ቀን አይሁን። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ጠዋት ለቅመን፣ ታጥበን፣ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ እንደርሳለን።

ሌላው፣ የጥያቄና መልሱ ግማሽ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ መልሱን እያወቀው በአማርኛ እንዴት ልበለው ብሎ ሲያስብ የጅማው ልጅ ቀደመው። እስካሁን ያንን ያወራል። በየቀኑ።

የጠራቢው ልጅ

የሰይፉን ጉዳይ ለኔ ተዉት። ምክንያቱም ያንን ሦስት ሰይፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነው፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ፣ የምታውቁትን። ሰይፎቹን ከዋንዛ ቁራጭ ነው የጠረብኳቸው። ዋንዛ ለመጥረብ ገር ነው፣ ሲለሰልስም ያምራል፤ ግን እንጨት ነው። ሰው ላይ ቢያርፍ ራስ ይፈነክታል። ቀለሙን ስቀባው አባቴ መጥቶ አየና "ይኼን በርጩማ ብታደርገው ሰው ይቀመጥበት ነበር" ብሎኝ ሄደ።

በውጭ ሀገር ዝግጅቶች ዕቃችሁን በር ላይ ነው የሚፈትሹላችሁ። እውነተኛ ስለት አይገባም። የውሸቱንም አይተው ምልክት ያስሩበታል፤ ሰይፍ ከሆነ ከሰገባው እንዳይወጣ ያስሩታል። እኛም እንደዚያ ብናደርግ ምን ይለናል? በር ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚፈትሽ ሰው፣ አንድ ጥቅል ቢጫ ጥብጣብ። በቃ።

ሰይፉ ደግሞ እንጨት መሆን የለበትም። ውጭ ያሉት የሚሠሩት ኢቪኤ ከሚባል ስፖንጅ ነው፤ ነጠላ ጫማ የሚሠራበት ነገር ማለት ነው። ለስፖርት የሚነጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ገበያ ላይ አለ፣ ብዙው ያንኑ ይመስላል። መሀሉ ቀርከሃ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ታስገቡበታላችሁ፣ ግራና ቀኙን ስፖንጁን ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ ታጣብቃላችሁ። (መስኮት ክፈቱ፣ ማስቲሽ ራስ ያዞራል።) ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲደረግ ጠርዙን እንደፈለጋችሁ ታጎብጡታላችሁ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ አለበለዚያ ስፖንጁ ቀለሙን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። እጀታውን ብቻ ከዋንዛ እሠራላችኋለሁ። እጀታ ሰው አይጎዳም።

መንገድ ላይ ደግሞ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ያዙት። ማዳበሪያ የያዘን ሰው ጅማ ውስጥ ማንም አያስቆምም። ወታደር የሚመስል ልብስ ግን ከነጭራሹ ይቅር፤ አኒሜ ነው ብላችሁ የምታስረዱት ሰው አታገኙም።

ሚሚ ኪቶ

ወንዶቹ ስለ ሰይፍ እስክትጨርሱ ስጠብቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኮስፕሌይ ከለበስነው አራት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። ዊጉን ራሴ ነው የሠራሁት፤ ቀሚሱን ሳልቫጅ ተራ ካገኘሁት መጋረጃ ሰፈር ያለች ልብስ ሰፊ አስተካክላልኛለች። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀየመኝ።

አንዱ የምንለብስበት ቦታ አለመኖሩ። ከኪቶ ካምፓስ ጀምሮ ለብሼ በባጃጅ መምጣት ነበረብኝ። የባጃጁ ሹፌር መንገዱን ትቶ በመስታወት እኔን ነው የሚያየው፣ አዌቱ ድልድይ ላይ አህያ ልንገጭ ነበር። ጊቤን ተሻጋሪ ያወራለት ኮሚኬት ላይ ኮስፕሌዩን ከቤት ለብሶ መምጣትም፣ ለብሶ ወደ ቤት መመለስም ክልክል ነው። መልበሻ ክፍል አለ፣ እዚያ ትለብሳለህ፣ እዚያ ታወልቃለህ። ጃፓን፣ ኮስፕሌይ የሚለው ቃል የወጣበት ሀገር፣ እንደዚያ ካደረጉት እኛ ምን አስበን ነው መርካቶ መሀል የተሰለፍነው? አንድ የሚቆለፍ ክፍል ለሴት፣ አንድ ለወንድ። መስታወትና መርፌ ክር። ብዙ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። የማላውቀው ሰው ከኋላዬ አንስቶኝ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ አየሁት፤ ከሥሩ የተጻፈውን አልደግመውም። እህቴ ናት ያየችው፣ እናቴ ሳታየው አስጠፋነው። ውጭ ሀገር በየዝግጅቱ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ኮስፕሌይ ለበሰች ማለት ፈቀደች ማለት አይደለም ብለው። ሳትጠይቅ አታንሣ፣ ሳትጠይቅ አትንካ። እናንተም ጻፉት። በሁለቱም ቋንቋ። ያልሰማውን ደግሞ የሚያስወጣ ሰው ይመደብ፣ ጓደኛችሁ ቢሆንም እንኳ። በተለይ ጓደኛችሁ ከሆነ።

ይኼ ካልተስተካከለ እኔ አልመጣም። ሦስቱም ልጆች እንደዚያው ነው ያሉት።

ባለ ሰሌን ባርኔጣው (ጠያቂ)

ሚሚ፣ ይቅርታ። እውነት ነው፣ ማን እንዳነሳው እንኳ አላጣራንም፤ አንቺም አቅልለሽ ስላወራሽ ያን ያህል አልመሰለኝም ነበር። ክፍሉ ይኖራል። ጽሑፉም በር ላይ ይለጠፋል። የሚያስወጣውን ሰው ራስሽ ምረጪ፣ የመረጥሽው ሰው ቃል የሁላችንም ቃል ነው።

የጠራቢው ልጅ፣ አንተ ነህ ለካ! 😂

አባት ነኝ

ልጄ አሳይታኝ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት ከነዚያ ዘጠና ሰዎች መሀል ነበረች፣ እኔ ግን የማውቀው ላይብረሪ እንደሄደች ነው። ዛሬ ነው የሰማሁት። ስለሱ ቤት እንነጋገራለን።

እኔ ይኼን አኒሜ የምትሉትን አልቃወምም። ድሮ ዲሽ ስናስገባ ልጆቼ ስፔስቱን የሚባለውን የዓረብኛ ቻናል ከፍተው ካፒቴን ማጂድን ሲያዩ እኔም አብሬ አይ ነበር። አንድ ልጅ ኳስ መትቶ ኳሷ ጎል እስክትደርስ እራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሣል፣ ኳሷ ገና አየር ላይ ናት። እሱ የጃፓን መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እኔ እውነተኛ ዓረብ መስሎኝ ነበር።

ግን ወላጅ ነኝና እጠይቃለሁ። ኃላፊው ማነው? ስንት ሰዓት ያልቃል? እሳት ቢነሣ በሩ ስንት ነው? ዘጠና ሰው ለአርባ ሰው በተዘጋጀ አዳራሽ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም ልጆቼ። ደግሞ አጋንንት የሚመስል ነገር ለብሰው የሚዞሩ አሉ ይባላል፣ ይኼስ ምንድነው?

ባለ ሰሌን ባርኔጣው (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። የበሩን ነገር እውነት ለመናገር አላሰብነውም ነበር። ባለፈው አንድ በር ብቻ ነበር ክፍት የነበረው፣ ሌላውን ወንበር ከምረንበት ነበር። አሁን ሲጽፉት ነው ያላበኝ። ዘንድሮ ለስንት ሰው እንደሚሆን አስቀድመን አይተን ከዚያ በላይ አናስገባም።

አጋንንቱ ልብስ ነው ጋሼ። ኮስፕሌይ ይሉታል፤ ኮስቱምና ፕሌይ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሳጥረው ያወጡት ስም ነው። ልጆቹ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ ሰፍተው ይለብሳሉ። ባለፈው አጋንንት የመሰለው ልጅ የሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነው፣ ቀንዱም በጋዜጣና በሙጫ የተሠራ ነበር፣ ዝናቡ ሲያገኘው ሟሟ።

ይምጡና ይዩት። ከምር ነው። ወላጅ በነጻ ነው የሚገባው።

ሒሳብ ያዥ

እስኪ ስለ ገንዘቡ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። መግቢያ አስከፍሉ። አትፈሩ። ነጻ የሆነ ነገር ላይ ሰው እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፤ ወይም አልመጣም ብሎ ሚኒባስ ሙሉ ሆኖ ይመጣል (የአጋሮ ልጅ፣ አንተን አይደለም 😁)። አስቀድሞ በቴሌብር የሚከፈል ትንሽ ብር ይሁን። ጥቅሙ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩን ታውቃላችሁ። ወንበር፣ ቡና፣ ስኳር፣ በር፣ ሁሉም ከቁጥሩ ነው የሚነሣው። ጋሼ የጠየቁትም እሱን ነው።

አሜሪካ ኦታኮን የሚባል የአኒሜ ዝግጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የጀመረው፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ከተማ። ስሟ ራሱ እንደሚለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፣ ከትልቁ ከተማ የራቀች። መጀመሪያ የመጣው 350 ሰው ነበር። በ1999 ባልቲሞር ገባ፣ በ2017 ዋሽንግተን ሄደ፣ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይመጣበታል። እስከዛሬ የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኛ አድናቂዎች ናቸው። እዚህ አህጉርም ሌጎስ በ2012፣ ጆሃንስበርግ በ2018 የየራሳቸውን የኮሚክስ ዝግጅት ጀምረዋል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆን ጉዳት አይደለም ለማለት ነው፣ ሥራውን የሚሠራ ወጣት እዚህ አለ።

አሁን ደግሞ የተቃራኒው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺካጎ አጠገብ ዳሽኮን የሚባል ዝግጅት ተደርጎ ነበር። የአኒሜ አይደለም፣ የኢንተርኔት አድናቂዎች ነው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። አዘጋጆቹ ትልቅ ቃል ገቡ፣ እንግዳ ጠሩ፣ ሆቴል ያዙ። በመጀመሪያው ማታ ሆቴሉ 17 ሺህ ዶላር አሁኑኑ አምጡ አለ ተብሎ ከታዳሚው ብር መለመን ተጀመረ። የተጠሩት እንግዶች ክፍያችን የት አለ ብለው ሳይቀርቡ ሄዱ። ቦታ ላስያዘው ሰው ከተሰጠው ካሳ አንዱ ምን ነበር? በፕላስቲክ ኳስ በተሞላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ተጨማሪ አንድ ሰዓት መጫወት። አልቀለድኩም።

ስለዚህ እንግዳ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን፣ ትልቅ ስክሪን እንተክላለን የሚል ነገር ይቅር። በተለይ ፊልም ከፍቶ ብር መቀበል ይቅር። ፍላሽ ላይ አስጭናችሁ ቤታችሁ የምታዩት ሌላ፣ አዳራሽ ውስጥ ቲኬት ቆርጦ ማሳየት ሌላ፤ ያ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። የሚስሉት ልጆች ሥዕላቸውን ይሽጡ፣ ለጠረጴዛው ትንሽ ይክፈሉ። ኪቶ ያሉት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች እጃቸው ጉድ ነው። ያደረሰው ያድርስ። የተረፈችውን ብር አትከፋፈሏት፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዳራሽ ቀብድ አድርጓት። ቀብድ ከከፈላችሁ ዓመታዊ ሆነ ማለት ነው፤ ማን ቀብዱን ያስበላል?

ጊቤን ተሻጋሪ

ሐዋ፣ አሸንፈሽኛል። ጥርን ትቻለሁ። ኅዳር።

ሒሳብ ያዥ በተናገረው ላይ አንድ ልጨምር። ኮሚኬት ላይ ደንበኛ የሚባል ነገር የለም ይላሉ። የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም፣ በር የሚጠብቀውም ሁሉም ተሳታፊ ነው። ባለፈው እናንተ አምስት ሆናችሁ ነው ዘጠና ሰው ያስተናገዳችሁት፣ ለዚያ ነው የሞታችሁት። ለሚመዘገበው ሰው ሁሉ ቅጹ ላይ "ምን ትሠራለህ?" የሚል መስመር አስገቡ። ወንበር መደርደርም ሥራ ነው። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ጻፉኝ።

አባት ነኝ

ከልጄ ጋር ተነጋግረናል። ላይብረሪ የሚለው ነገር አልፏል።

ወርክሾፕ አለኝ። ጄኔሬተር አለኝ፣ የሚሠራ። በዕለቱ አመጣዋለሁ፣ ራሴው ቆሜ አንቀሳቅሰዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው። ጭሱ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ውጭ ነው የሚቆመው፣ ረጅም ገመድ አዘጋጁ። ነዳጁ የናንተ ነው። ልጄ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤት መግባት አለባት። እኔ እዚያው ስላለሁ እሱ እንኳ ችግር አይሆንም።

ካፒቴን ማጂድን የሚለብስ ሰው አለ?

ባለ ሰሌን ባርኔጣው (ጠያቂ)

ጋሼ!! ከሌለ እኔ እለብሰዋለሁ።

እሺ፣ ከአራቱ ጋር ተነጋግረናል። ኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት እስከ አሥራ አንድ። ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ከዚያም በኋላ። መግቢያ አለው፤ ስንት እንደሆነ የአዳራሹን ኪራይ ስንጨርስ እንናገራለን። መልበሻ ክፍል ያለው አዳራሽ ካልሆነ አንይዝም፣ እሱን እያፈላለግን ነው፣ ቢሽሼ አካባቢ አንድ አይተናል፣ በሩ ሁለት ነው። ለፖሊስና ለቀበሌ ደብዳቤ ቀደም ብለን እናስገባለን። የሚሰገድበት ጥግ አለ። ጥያቄው በሁለት ቋንቋ ነው፤ የአጋሮ ልጅ፣ የአፋን ኦሮሞውን ጥያቄ አንተ ታወጣለህ፣ ስለዚህ አትወዳደርም።

የአጋሮ ልጅ

ኧረ በሕግ አምላክ 😭 ጓደኛዬ ይወዳደራል እሺ። ግን መልሱን ነገርከው እንዳትሉኝ።

ከቦንጋ

አሁን ነው ያየሁት። እኛ አራት ነን። አሥራ አንድ ሰዓት ካለቀ ወደ ቦንጋ መኪና እናገኛለን? መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል እኮ። ካልሆነ የምናድርበት ቦታ ጠቁሙን፣ አልጋ ውድ ያልሆነ።

ሚሚ ኪቶ

ሴቶች ካላችሁ እኔ ጋ ታድራላችሁ፣ ሁለት ሰው ይበቃኛል። በውስጥ ጻፉልኝ። (አዎ፣ እመጣለሁ። የሚያስወጣውንም ሰው መርጫለሁ። ሐዋ ናት።)

ሐዋ ከጂረን

ተቀብያለሁ። ማንም እንዳይቀልድ።

ባለ ሰሌን ባርኔጣው (ጠያቂ)

ከቦንጋ፣ ያን ሰዓት መኪና አገኛለሁ ብለህ አትተማመን። ወንዶቹን ፈረንጅ አራዳ እኛ ቤት እናሳድራለን፣ ፍራሽ መሬት ላይ ነው፣ አስቀድሜ ልናገር። እሑድ ጠዋት ጂረን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳይተናችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሐዋ ሰፈሯ ነው።

የጠራቢው ልጅ

ለባለ ሦስት ሰይፉ ልጅ ንገሩት፣ አዲሶቹ አልቀዋል። ሦስተኛውን እጀታውንም ጭምር በስፖንጅ ነው የሠራሁት፣ ጥርሱን እንዳያመው።